ሞተሩ ከድራይቨሩ ይቀድማል፦ በመርካቶ ዕቃ የስቴፐር ሞተር ድራይቨር ስለመሥራት የቀረበ ዳሰሳ

በመርካቶ ምናለሽ ተራ ስቴፐር ሞተር ብርቅ ዕቃ አይደለም። ቆራሌው ከየሰፈሩ የሚሰበስበው፣ መሥሪያ ቤቶችም የሚያስወግዱት አሮጌ ፕሪንተር፣ ስካነር ወይም ካሽ ሬጅስተር ሲፈታታ ብረቱ ለብረት፣ ፕላስቲኩ ለፕላስቲክ ይለያል፤ ሞተሩ ለብቻው ይቀራል። እንቁላል የሚያገላብጥ የጫጩት ማስፈልፈያ፣ እንጨት የሚቀርጽ ትንሽ ሲኤንሲ ወይም ስሪዲ ፕሪንተር ለመሥራት ያሰበ ተማሪና ቴክኒሻን ሞተሩን ከዚያ ያገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ስቴፐር ሞተር እንደ ተራው ዲሲ ሞተር ከባትሪ ጋር ስላገናኙት አይዞርም። በውስጡ ያሉትን ኮይሎች በየተራ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ የሚያልፍባቸውንም ከረንት የሚመጥን ድራይቨር ይፈልጋል። ከአሮጌው ማሽን ካርድ ላይ ያለው ድራይቨር ደግሞ ለዚያ ማሽን ብቻ የተሰናዳ ስለሆነ ነጥሎ ለሌላ ሥራ ማዋል አስቸጋሪ ነው።

ድራይቨሩ በምን ይሠራ በሚለው ጥያቄ ላይ ሐሳቡ የተከፋፈለ ነው። አንዱ ወገን ትራንዚስተርና ዳዮድ ገዝቶ ከባዶ መሥራትን ይመርጣል። ሌላው ኤል298ኤን የሚባለውን ቀይ ቦርድ ይይዛል። ሦስተኛው አውራ ጣት የምታህለውን ኤ4988 ሞጁል፣ አራተኛው በቆርቆሮ ሳጥን የታሸገውን ቲቢ6600 ይላል። ሁሉም በተግባር ያየውን ማስረጃ ያቀርባል፤ ሁሉም የሌላውን የተቃጠለ ቦርድ ያሳያል። ይህ ዳሰሳ የሚከራከርለት ነጥብ አንድ ነው፦ ክርክሩ ከተሳሳተው ጫፍ ተጀምሯል። የትኛው ድራይቨር ይሻላል የሚለው ጥያቄ የሞተሩ ኮይል ስንት ኦም እንደሆነ ሳይታወቅ መልስ የለውም፤ ከታወቀ በኋላ ግን አብዛኛው ክርክር በራሱ ይፈታል።

ሞተሩና ድራይቨሩ ከየት መጡ?

ዛሬ በብዛት የሚታየው ሃይብሪድ የተባለው ስቴፐር ሞተር መሠረቱ የአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች በ1952 እ.ኤ.አ. ፓተንት ያገኙበት ንድፍ ነው። ንድፉ ሲወጣ በእርምጃ እንዲሄድ ታስቦ አልነበረም፤ ከተለዋዋጭ የመብራት ኃይል ጋር እኩል እየሄደ ያለ ጊር በዝግታ የሚዞር ሞተር ለማግኘት ነበር። 50 ጥርስ ያለው እንዲህ ያለ ሞተር በእኛ አገር 50 ኸርዝ መብራት በደቂቃ 60 ጊዜ ይዞራል። ተለዋዋጩ ኃይል ቀርቶ ሁለቱ ኮይሎች በተራ ሲከፈቱና ሲዘጉ ግን ያው ሞተር በአንድ ዙር 200 ቦታ ላይ መቆም ቻለ። እያንዳንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ነው። መሐንዲሶችን የሳበው ይህ ነው፤ ቦታን የሚለካ መሣሪያ ሳይጨመር፣ የላኩትን ምት በመቁጠር ብቻ ሞተሩ የት እንዳለ ማወቅ ተቻለ።

የድራይቨሩ ታሪክ በአንጻሩ ከረንትን የማስተዳደር ታሪክ ነው። ትራንዚስተር ውድ በነበረበት ዘመን ሞተሮቹ በአብዛኛው ዩኒፖላር ሆነው ተሠሩ። ኮይሎቹ መሐላቸው ላይ ሌላ ሽቦ ይወጣላቸዋል፤ አራት ትራንዚስተር ይበቃቸዋል። ዋጋው ግን በጉልበት ተከፍሏል፤ በማንኛውም ቅጽበት ከኮይሉ ግማሹ ብቻ ስለሚሠራ፣ ያው ሞተር በሙሉ ኮይሉ ባይፖላር ሆኖ ሲነዳ በእኩል ሙቀት 40 በመቶ ያህል የበለጠ ጉልበት ይሰጣል። ባይፖላር ግን የከረንቱን አቅጣጫ መገልበጥ ስለሚጠይቅ ስምንት ትራንዚስተር ይፈልጋል። ትራንዚስተሮቹ በአንድ አይሲ ውስጥ መታጨቅ ሲጀምሩ ይህ ልዩነት ዋጋ አጣ። ሰባት የዳርሊንግተን ጥንዶች የያዘው ዩኤልኤን2003 ለዩኒፖላሩ፣ የኤስጂኤስ ኩባንያ ኤል297 እና ኤል298 ጥንድ ለባይፖላሩ መደበኛ ሆኑ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከረንቱን እየቆራረጡ መመጠን ሲቻል ነው። ቾፐር የሚባለው ድራይቨር ለኮይሉ ከሚገባው ብዙ እጥፍ ቮልቴጅ ይሰጥና ከረንቱ የተወሰነለት መጠን ላይ ሲደርስ ይዘጋል፤ ሲወርድ ይከፍታል፤ ይህን በሴኮንድ በብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋግማል። ዘዴው ለረጅም ጊዜ የፋብሪካ ማሽን ጉዳይ ነበር። ወደ ቤት ሙከራ ያወረደው በ2005 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ባዝ ዩኒቨርሲቲ በአድሪያን ቦየር የተጀመረው የሪፕራፕ ፕሮጀክትና በዚያው ዓመት ጣሊያን ውስጥ የተወለደው አርዱዊኖ ናቸው። ስሪዲ ፕሪንተር በየቤቱ መገጣጠም ሲጀመር የአሌግሮን ኤ4988 ቺፕ የያዘችው ትንሽ ሞጁል፣ ቀጥሎም የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ዲአርቪ8825፣ ከዚያም የጀርመኑ ትሪናሚክ ጸጥተኛ ቲኤምሲ ቺፖች ተከተሉ። አዲስ አበባ ላይ አሁን የሚሸጡት ሞጁሎች በአብዛኛው የእነዚህ ቅጂዎች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ የጊዜ አለመጣጣም ልብ ሊባል ይገባል። ወደ መርካቶ የሚገባው ሞተር ከ20 እና 30 ዓመት በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ድራይቨሩ ግን የትናንት ነው። ሁለቱ የተሠሩት ለአንድ ዓይነት አነዳድ አይደለም።

ከአሮጌ ማሽን የሚወጣው ሞተር ምን ዓይነት ነው?

ሁሉም ፕሪንተር ስቴፐር ሞተር አለው ማለት አይደለም። በሪባን የሚመታው የነጥብ ፕሪንተር፣ ባንክና መንግሥት መሥሪያ ቤት ለረጅም ዓመት የሠራበት ዓይነት፣ በዚህ ረገድ የተሻለው ምንጭ ነው፤ ጭንቅላቱን የሚያመላልስ አንድ፣ ወረቀቱን የሚስብ ሌላ ስቴፐር ሞተር ይገኝበታል። ስካነር መብራቱን የሚጎትት አንድ ሞተር አለው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ግዴታ የሆነው ካሽ ሬጅስተር ደግሞ ደረሰኙን የሚገፋ ትንሽ ስቴፐር ሞተር ይይዛል፤ ጉልበቱ ከወረቀት አያልፍም። በቀለም የሚረጨው አዲሱ ኢንክጄት ግን አታላይ ነው፤ ብዙዎቹ በተራ ዲሲ ሞተርና በስስ ባለመስመር ፕላስቲክ የሚሠሩ ናቸው። የሌዘር ፕሪንተርና የፎቶኮፒ ዋና ሞተርም ብዙ ጊዜ ብረሽለስ ነው። ብዙ ሽቦ ስላለው ብቻ ስቴፐር ተብሎ የሚገዛ ብረሽለስ ሞተር በየትኛውም የስቴፐር ድራይቨር በደንብ አይሠራም፤ ገዢውም ጥፋቱን በድራይቨሩ ላይ ያሳብባል።

መለያው ቀላል ነው። ስቴፐር ሞተር ዘንጉ በእጅ ሲዞር ቆረጥ ቆረጥ ይላል። ሁለት ሽቦ ሲነካኩ ዘንጉ ከበድ ካለ ሁለቱ የአንድ ኮይል ጫፎች ናቸው። አራት ሽቦ ያለው ባይፖላር ነው፤ አምስት ሽቦ ያለው ዩኒፖላር ሲሆን ሁለቱ መካከለኛ ጫፎች ውስጥ ለውስጥ ተያይዘዋል፤ ስድስት ሽቦ ያለው መካከለኛዎቹን ጫፎች ባዶ በመተው እንደ ባይፖላር ሊነዳ ይችላል። በቴስተር ሲለካ ከመካከለኛው እስከ ጫፍ ያለው ኦም ከጫፍ እስከ ጫፍ ካለው ግማሽ ይሆናል።

ከሁሉ የሚበልጠው መለያ ግን የኦሙ መጠን ራሱ ነው። በ12 ወይም በ24 ቮልት በቀጥታ እንዲነዱ የተሠሩ የድሮ ሞተሮች ኮይላቸው ቀጭንና ረጅም ሽቦ ስለሆነ 30፣ 50፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኦም ያሳያሉ። ለቾፐር የተሠሩት ወፍራምና አጭር ሽቦ ስላላቸው ከ1 እስከ 3 ኦም ብቻ ናቸው። መልካቸው፣ ስፋታቸው፣ የዘንጋቸው ውፍረት አንድ ሊሆን ይችላል። በዓይን አይለዩም።

አራቱ ወገኖችና ማስረጃቸው

ትራንዚስተር የሚመርጡት ወገኖች የሚያቀርቡት ማስረጃ ጠንካራ ነው። እያንዳንዱ ክፍል በቴስተር ይለካል፤ የሞተው ብቻ ይቀየራል፤ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ወይም ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ ካርድ ላይም ሊነቀል ይችላል። ይህ ክርክር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ክብደቱ ጨምሯል። ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏልና አንድ የተቃጠለ ሞጁል ለተማሪ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ደካማ ጎናቸው ከረንቱን የሚገድበው የኮይሉ ኦም ብቻ መሆኑ ነው። ዝቅተኛ ኦም ያለው ሞተር ሲገጥማቸው ትልቅ ሬዚስተር በተከታታይ ይጨምራሉ፤ ኃይሉ ግን ሬዚስተሩን በማሞቅ ያልቃል።

ኤል298ኤን የተወደደበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ለዲሲ ሞተርም ስለሚሠራ በተማሪዎች የሮቦት ሥራ ውስጥ ቀድሞ ይገኛል። ነገር ግን ቺፑ ብቻውን ከረንት አይመጥንም፤ ለዚያ የተሠራው ጓደኛው ኤል297 ነበር፤ ቀዩ ቦርድ ላይ እሱ የለም። በተጨማሪም በውስጡ ያሉት የቀድሞ ዘመን ትራንዚስተሮች በ1 አምፔር ከ1.8 እስከ 3.2 ቮልት፣ በ2 አምፔር እስከ 4.9 ቮልት ይበላሉ። ከ12 ቮልት ላይ ይህን ያህል መቀነስ ትንሽ አይደለም፤ የተቀነሰውም ሁሉ ሙቀት ይሆናል። በእኔ ፍርድ ኤል298ኤን ለዝቅተኛ ኦም ስቴፐር ሞተር መሸጥ የሌለበት ቦርድ ነው። ለ30 ኦም ሞተር ግን ምንም ነውር የለበትም፤ ስሙን ያጠፋው ያለ ቦታው መግባቱ ነው።

የቾፐር ሞጁል ደጋፊዎች ፊዚክሱ ከእነሱ ጋር ነው። ለምሳሌ 1.5 ኦምና 2.8 ሚሊሄንሪ ያለው፣ 1.7 አምፔር የሚፈልግ ሞተር ይወሰድ። በልኩ በ2.5 ቮልት ገደማ ቢነዳ ከረንቱ ወደ ሙሉ መጠኑ ለመጠጋት ከ5 ሚሊሴኮንድ በላይ ይፈጃል። በሴኮንድ 500 እርምጃ ሲጠየቅ ግን ለአንድ እርምጃ ያለው ጊዜ 2 ሚሊሴኮንድ ብቻ ነው፤ ከረንቱ ሳይሞላ ተራው ያልፋል፤ ሞተሩም ይደክማል። በ24 ቮልት ቾፐር ያው ከረንት በ0.2 ሚሊሴኮንድ ይደርሳል። ፍጥነት በሚፈልግ ሥራ ላይ ይህን የሚስተካከል የትራንዚስተር ዘዴ የለም። የሞጁሎቹ ችግር ሌላ ነው፤ ከተቃጠሉ አይጠገኑም፤ ለመቃጠልም ትንሽ ስሕተት ይበቃቸዋል።

የሳጥን ድራይቨር የሚመርጡት በብዛት ማሽን ሠርተው የሚሸጡ ወይም የእንጨት ሲኤንሲና የጥልፍ ማሽን የሚጠግኑ ናቸው። የሚያሰላስሉት የሞጁሉን ዋጋ ሳይሆን ማሽኑ ቆሞ የሚውልበትን ቀን ነው፤ በዚህ ስሌት ትክክል ናቸው። ከረንቱ በማብሪያ ማጥፊያ ይመረጣል፤ ገመዱ በብሎን ይጠብቃል፤ ሙቀቱን የሚያስወግድ ብረት አብሮት አለ። ለ57 ሚሊሜትር ሞተር ሌላ ማሰብም አያስፈልግም። ቲቢ6600 ተብለው ከሚሸጡት መካከል ግን ውስጣቸው የቶሺባ ቲቢ6600 ቺፕ የሌለባቸው ብዙ ናቸው፤ የሽፋኑ ጽሑፍ ለከረንቱ ዋስትና አይሆንም።

ከኦም የሚጀምር ስሌት

አራቱን ወገኖች የሚያስታርቅ አንድ ሐቅ አለ። የሞተር አቅም የሚወሰነው ሳይቀልጥ ሊያስወግደው በሚችለው ሙቀት ነው፤ ሙቀቱን የሚወስነው ደግሞ ስፋቱ ነው፤ የሽቦው ዓይነት አይደለም። በስሪዲ ፕሪንተር የተለመደው 42 ሚሊሜትር ካሬ፣ ርዝመቱ 40 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ሞተር ሁለቱም ኮይሎች ሲሠሩ 9 ዋት አካባቢ ይሸከማል። 1.5 ኦም ሆኖ 1.7 አምፔር የሚባለው ሞተር ሲሰላ 8.7 ዋት ነው፤ 30 ኦም ሆኖ 0.4 አምፔር የሚባለው ደግሞ 9.6 ዋት። እጅግ የተራራቁ የሚመስሉ ሁለት ሞተሮች በሙቀት ሚዛን ላይ አንድ ናቸው።

ስለዚህ ስሌቱ ወደኋላም ይሠራል። ዘጠኙን ዋት በኦሙ ሁለት እጥፍ ማካፈል፣ ከውጤቱም ስኩዌር ሩት ማውጣት ነው። 1.5 ኦም ላይ 9 ሲካፈል ለ3፣ ውጤቱ 3፣ ሩቱ 1.73 አምፔር ነው። 30 ኦም ላይ 9 ሲካፈል ለ60፣ 0.15 ይሆናል፤ ሩቱ 0.39 አምፔር። ሁለቱም አምራቾች ከሚጽፉት ቁጥር ጋር ይገጥማሉ። ጽሑፉ የተፋቀ፣ አምራቹ የማይታወቅ የምናለሽ ተራ ሞተር በቴስተርና በማስመሪያ ብቻ ማንነቱ በግምት ይታወቃል ማለት ነው። ግምት ስለሆነ በ70 በመቶ ጀምሮ ሙቀቱን ማየት ይገባል። ጨርሶ ትንሽ የሆነ የካሽ ሬጅስተር ሞተር በርግጥ ዘጠኝ ዋት አይሸከምም፤ በስፋቱ ልክ መቀነስ አለበት።

ከዚህ በኋላ የድራይቨር ምርጫው ይቀላል። ከረንቱን በኦሙ ሲያበዙት የሚገኘው ቮልቴጅ በእጅ ካለው ፓወር ሰፕላይ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ እንደ ባለ 30 ኦሙ 12 ቮልት፣ ትራንዚስተር፣ ዩኤልኤን2003 ወይም ኤል298ኤን ይበቃል። ዩኤልኤን2003 በአንድ መስመር 500 ሚሊአምፔር ነው የሚችለው፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ዩኒፖላር ሞተር ምቹ ነው። ውጤቱ ከፓወር ሰፕላዩ በብዙ ካነሰ፣ እንደ ባለ 1.5 ኦሙ 2.6 ቮልት፣ ቾፐር ግዴታ ነው። ይህን ሞተር ያለ ቾፐር በ12 ቮልት መንዳት የኦም ሕግ እንደሚለው 8 አምፔር መጥራት ነው። ኤል298ኤን ቦርዶች በየጊዜው የሚሞቁትና ራሳቸውን የሚዘጉት ለዚህ ነው።

ለዚህ አቋም የሚሰነዘሩ ተቃውሞዎች

አንዱ ተቃውሞ ቾፐር ለሁለቱም ሞተር ስለሚሠራ ሁልጊዜ እሱን መግዛት ነው የሚሻለው ይላል። እውነትነት አለው። 30 ኦሙ ሞተር በኤ4988 ላይ ያለ ችግር ይዞራል፤ ከረንቱ ወሰኑ ላይ ስለማይደርስ ቾፐሩ ሳይቆራርጥ ይቀራል እንጂ። ነገር ግን የአምስት ሽቦው ዩኒፖላር ሞተር፣ መካከለኛው መስመር ካልተቆረጠ በቀር፣ በኤ4988 አይነዳም። እንቁላል ለማገላበጥ፣ በሰዓት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚዞር ሥራ ደግሞ የቾፐር ፍጥነት ጥቅም አይሰጥም። እዚያ ላይ በየትም የሚገኝና በቀላሉ የሚጠገን ሰርኪዩት ይበልጣል።

ሌላውና የከበደው ተቃውሞ ከማስተማር የሚነሣ ነው፤ ተማሪ ከባዶ ካልሠራ አይማርም የሚል። በዚህ ረገድ የትራንዚስተር ወገኖች አብዛኛውን ትክክል ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ የኮይሎቹን ቅደም ተከተል በአራት ትራንዚስተርና በአራት ኤልኢዲ ያየ ሰው በኋላ ሞጁል ሲበላሽ የት እንደሚፈልግ ያውቃል። ስሕተቱ የሚመጣው የማስተማሪያው ሰርኪዩት የማሽኑም ሰርኪዩት እንዲሆን ሲፈለግ ነው። እዚህ ላይ ስለ ዳዮዱ የሚነሣውን ክርክርም ማንሳት ይገባል። ትራንዚስተሩ ሲዘጋ ኮይሉ የሚለቀውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያሳልፈው ዳዮድ በየሱቁ የሚገኘው 1ኤን4007 ይሁን ወይስ ፈጣኑ ዩኤፍ4007? በቀስታ ለሚከፈትና ለሚዘጋ ዩኒፖላር ሰርኪዩት 1ኤን4007 ይበቃል። በሴኮንድ ሃያ ሺህ ጊዜ በሚቆራርጥ ቾፐር ላይ ግን ለመዘጋት የሚፈጅበት ጊዜ ስለሚረዝም ትራንዚስተሩን ያሞቃል። የሚቃረኑ የሚመስሉት ሁለቱ ምክሮች ለየቅል ሰርኪዩት የተሰጡ ናቸው።

ብልሽት ፍለጋ፦ ድራይቨሩ ሳይሆን

ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ካልዞረ ቀድሞ የሚጠረጠረው ድራይቨሩ ነው፤ ጥርጣሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ ነው። የኮይል ጥንዶች ሲደባለቁ፣ አንዱ ኮይል ሲቆረጥ ወይም ሞተሩ ከቆመበት በአንዴ በከፍተኛ ፍጥነት እንዲነሣ ሲታዘዝ ምልክቱ ይኸው ነው። ሽቦዎቹን በቴስተር መለየትና ፍጥነቱን በሴኮንድ ወደ 50 እርምጃ ማውረድ ሦስቱንም ይለያል። ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ መዞር ብልሽት አይደለም፤ የአንዱን ኮይል ሁለት ጫፎች መቀያየር ይበቃል። ሞተሩ ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ የአርዱዊኖውና የሞተሩ ፓወር ሰፕላይ ግራውንድ መገናኘቱ ይታይ። በኤ4988 ላይ ሪሴት የሚባለው እግር ለብቻው ከተተወ ሞጁሉ በራሱ ፈቃድ ይነቃል፣ ይተኛል፤ አጠገቡ ካለው ስሊፕ ጋር በአንድ ሽቦ ማያያዝ መፍትሔው ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ጤነኛ ሞጁል ሊጥል ይችላል።

በጣም ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው የከረንቱ ማስተካከያ ነው። በኤ4988 ላይ ከረንቱ የሚገኘው በትንሿ ብሎን ላይ የሚለካው ቮልቴጅ ለስምንት፣ ከዚያም ለመለኪያ ሬዚስተሩ ኦም ሲካፈል ነው። ችግሩ ሬዚስተሩ በየቅጂው የሚለያይ መሆኑ ነው። አር100 ተብሎ የተጻፈበት 0.1 ኦም፣ አር068 ደግሞ 0.068፣ አር050 ሲሆን 0.05 ኦም ነው። ከዚያ የተነሣ 0.8 ቮልት ላይ ማስተካከል ባለ አር100 ሞጁል ላይ 1 አምፔር፣ ባለ አር050 ሞጁል ላይ 2 አምፔር ይሆናል። ያለ ማቀዝቀዣ ብረት ይህ ቺፕ በደህና የሚችለው 1 አምፔር ገደማ ነው። ከአንዱ ሰው ለሌላው የሚተላለፈው «0.8 ላይ አድርገው» የሚል ምክር ሬዚስተሩ ሳይነበብ ጎጂ ነው። የዲአርቪ8825 ስሌት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ቮልቴጁ ሁለት ጊዜ ሲባዛ ከረንቱን ይሰጣል። የኤ4988ን ቁጥር ወደ እሱ ማዛወር ሌላው ጥፋት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ድንገተኛ ሞት ነው፤ እየሠራ ያለ ሞጁል በአንድ ቅጽበት የሚሞትበት። ለዚህ ሁለት ምክንያት ይበዛል። መጀመሪያው መብራቱ ሳይጠፋ የሞተሩን ሽቦ መንቀል ነው፤ ወይም ሳያውቁት የላላ ማያያዣ። ኮይሉ ከረንት ይዞ ሲቆረጥ የሚፈጠረው ቮልቴጅ ቺፑን ይወጋዋል። ሁለተኛው ረጅም የፓወር ሽቦ ነው፤ ሽቦው ከሞጁሉ ትናንሽ ካፓሲተሮች ጋር ሆኖ ሲሰካ ከመግቢያው ቮልቴጅ ሁለት እጥፍ ሊጠጋ የሚችል ድንገተኛ ጭማሪ ይፈጥራል። 24 ቮልት በዚህ መንገድ የኤ4988ን የ35 ቮልት ወሰን ያልፋል። በሞጁሉ አጠገብ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማድረግ ይህን ይከላከላል፤ ከአሮጌ ካርድ በነጻ የሚነቀል ዕቃ ነው። ያበጠ አለመሆኑንና የተጻፈበት ቮልቴጅ ከፓወር ሰፕላዩ በላይ መሆኑን ማየት ግን ይገባል።

ሙቀትም ብዙ ሰው ያሳስታል። ስቴፐር ሞተር ቆሞም ከረንት ስለሚወስድ እጅ የማያስይዝ ሙቀት ላይ ቢደርስ የግድ እየተቃጠለ ነው ማለት አይደለም። የተለመደው ቢ የሚባለው የሽቦ መከላከያ ደረጃ እስከ 130 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሸከማል፤ የሞተሩ አካል 70 ዲግሪ ቢሆን ሞተሩ ይኖራል፤ ከፕላስቲክ የተሠራው ማቀፊያው ግን ሊለሰልስ ይችላል።

ገና ያልተዘጉ ነጥቦች

ማይክሮስቴፕ ትክክለኛነትን ይጨምራል ወይ? ሻጮች ይጨምራል ይላሉ። ሒሳቡ ግን በከፊል ብቻ ይደግፋቸዋል። አንድን እርምጃ ለ16 መክፈል እንቅስቃሴውን በእርግጥ ያለሰልሰዋል፤ ድምፁንም ይቀንሳል። ነገር ግን ከአንዷ ክፍልፋይ ወደ ቀጣይዋ የሚገፋው ጉልበት ሞተሩ ቆሞ ከሚይዘው ጉልበት ከ10 በመቶ አይበልጥም። ሰበቃ ካለ ዘንጉ ሳይነቃነቅ ብዙ ምት ያልፋል። ስለዚህ ክፍልፋዩን ለስላሳነት ብሎ መምረጥ ተገቢ ነው፤ የመለኪያ ትክክለኛነት ብሎ መቁጠር ግን አያስኬድም። በዲአርቪ8825 ላይ በዝግታ ሲነዳ አንዳንድ ክፍልፋዮች መዘለላቸውም ይታወቃል፤ ቺፑ በጣም ትንሽ ከረንት ሲታዘዝ ሊያወርድ አለመቻሉ ነው ምክንያቱ። ቅጂ ቺፖች ይህን ምን ያህል ያባብሱታል የሚለው ቺፑ ከየት እንደመጣ በማይታወቅበት ገበያ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም።

ሌላው ያልተዘጋ ጉዳይ እርምጃ መሳት ነው። ስቴፐር ሞተር የት እንዳለ አያውቅም፤ የተላከለትን ምት እንደፈጸመ ብቻ ይታሰባል። አዲሶቹ እንደ ቲኤምሲ2209 ያሉ ቺፖች ሞተሩ ሲቆም ከኮይሉ በሚመለሰው ምልክት ያውቃሉ፤ ይህ ሞተሩ ጭራሽ ሲቆም ለመለየት እንጂ የሳታቸውን እርምጃዎች ለመመለስ አይሆንም። ለጥልፍና ለእንጨት ሥራ፣ አንድ የተሳተ እርምጃ ሙሉ ልብስ ወይም ሙሉ በር በሚያበላሽበት ቦታ፣ ቦታን የሚለካ መሣሪያ (ኢንኮደር) ያለው ሞተር ዋጋው ያዋጣል ወይ የሚለው ክርክር በስሌት ሊፈታ የሚችል ነው፤ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ወርክሾፕ ያበላሸውን ሥራ መመዝገብ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቀላሉ ይደረግ። ምናለሽ ተራ ላይ ሞተር የሚሸጡ ነጋዴዎች የእያንዳንዱን ኮይል ኦም በቴስተር ለክተው በማርከር ሞተሩ ላይ ቢጽፉት ሥራው ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ የሚያስፈልገውም ርካሽ ቴስተር ብቻ ነው። ተግባረ እድና ዊንጌትን የመሳሰሉ የቴክኒክ ኮሌጆችም ይህን ልኬት ከድራይቨሩ ትምህርት በፊት ያስቀድሙ። ገዢም ቢሆን የኮይሉን ኦም ሳያውቅ ድራይቨር አይግዛ።